ታኮውና እግሩ፦ ስለ አካል ጉዳት፣ ሐዘንና በቀል የምንሠራው ፊልም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት

የፊልም ጽሑፉ የመጀመሪያ ረቂቅ ተጠናቅቆ የቅድመ ቀረጻ ሥራ ስለተጀመረ ይህን ማስታወሻ ከዛሬ ጀምሮ በየደረጃው እጽፋለሁ። የምንሠራው ወደ 95 ደቂቃ የሚጠጋ የከተማ ድራማ ሲሆን፣ እኔ በአዘጋጅነትም በኤዲተርነትም እሠራበታለሁ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን እጁን ይዛ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ይገጫቸዋል። ልጁ ይሞታል፤ እሷ ደግሞ ኅብለ ሰረሰሯ ተጎድቶ ከወገቧ በታች መንቀሳቀስ ይሳናታል፤ ከዚያ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ፣ አጠገባቸው ጎንበስ ብሎ «ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?» ካለ በኋላ ተመልሶ ገብቶ ያመልጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ እናቲቱ ወረፋ ይዛ ሳለ ከኋላዋ የአንድ ሰው ጠርሙስ ከእጁ አምልጦ ይሰበራል፤ ሰውየውም ለራሱ «ምን አደረግሁ?» ይላል። ድምፁን ታውቀዋለች። የቀረው ፊልም እሷ ከዚያ በኋላ የምታደርገው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ ትራፊክ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። የልጁን ዕድሜ ዘጠኝ ያደረግሁት እነዚህን ቁጥሮች ከማየቴ በፊት ነበር፤ ካየኋቸው በኋላ ግን የመቀየር ሐሳቤን ጨርሶ ተውኩት።

ዛሬ ረቂቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ እንግዳ አንባቢ ሆኜ አነበብኩትና አንድ ከባድ ስሕተት አገኘሁበት። እናቲቱ ለመበቀል ከመወሰኗ በፊት ባሉት ሰባት ትዕይንቶች ውስጥ አምስት ጊዜ እግሯን ትመለከታለች፤ አንድ ጊዜ በመስታወት፣ አንድ ጊዜ ልብስ ስትቀይር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሌላ ሰው እግር ስታይ። የልጇን ነገር የምትነካው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ተመልካቹ የሚረዳው፣ ሴትዮዋ ክፉ ያሰበችው መራመድ ስላልቻለች መሆኑን ነው። ይህ አሮጌ ልማድ ነው። በሼክስፒር ተውኔት ሪቻርድ ሣልሳዊ ገና በመክፈቻው ንግግሩ የሰውነቱን ቅርጽ ለክፋቱ ምክንያት አድርጎ ያቀርባል፤ ከዚያ ወዲህም አካሉ የተጎዳ ሰው በታሪክ ውስጥ ሲመጣ ወይ የሚታዘንለት ምስኪን ወይ በጉዳቱ የመረረ ቂመኛ ሆኖ መቅረቡ የተለመደ ሆኗል። እኔም ሳላስተውል እዚያው ገብቻለሁ።

ስለዚህ በጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር በትልቁ ጽፌ ለሁሉም የሥራ ባልደረቦች አደልኩ፦ «ቂሙ የልጁ ነው፤ ወንበሩ የኑሮ ነው።» ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ትዕይንት በዚህ ይመዘናል። አምስቱ የእግር ምስሎች ተሰርዘዋል።

2ኛ ሳምንት

ሐዘኑን እንደገና ጻፍኩት። በመጀመሪያው ረቂቅ የእናቲቱ ሐዘን በደረጃ የሚሄድ ነበር፤ መጀመሪያ መካድ፣ ቀጥሎ ቁጣ፣ ከዚያ ድርድር፣ ድባቴ፣ በመጨረሻም መቀበል። ይህ ቅደም ተከተል ከሥነ አእምሮ ሐኪሟ ከኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የመጣ ነው፤ እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ስትጽፍ ያነጋገረቻቸው ሞታቸው የቀረበ ሕሙማንን እንጂ ሰው የሞተባቸውን ሐዘንተኞች አልነበረም። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለእኛ ታሪክ ይበልጥ ይስማማል። እንደ እነሱ አባባል ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ሲመላለስ ይኖራል፤ አንዴ ወደ ጠፋው ሰው ይመለሳል፣ አንዴ ደግሞ ከሞቱ በኋላ ወደ መጣው አዲስ ኑሮና ወደ ዕለት ተዕለት ጉዳዩ ይሄዳል፤ መመላለሱ ራሱም የጤናማ ሐዘን ባሕርይ ነው።

የእኛ እናት አዲስ ኑሮ ደግሞ ወንበሩን ይጨምራል። ከወንበር ወደ አልጋ መሸጋገርን፣ በሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቀድሞ መጠየቅን፣ የጎማ አየር መፈተሽን ትማራለች። በአዲሱ ረቂቅ እነዚህ ከልጇ ፋታ የምታገኝባቸው ሰዓቶች ሆነዋል። መሸጋገሪያ ጣውላውን አስተካክላ ከአልጋ ወደ ወንበር በአንድ ትንፋሽ ስትሻገር ፊቷ ላይ ጥቂት እርካታ ይታያል፤ ልጇ ወዲያው የሚታወሳትም በዚያ እርካታ መካከል ነው። የሐዘኑ ትክክለኛ ቦታ ይህ ይመስለኛል።

3ኛና 4ኛ ሳምንት

ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ በእውነተኛ ሕይወቷ ዊልቸር የምትጠቀም ተዋናይት መርጠናል። ገንዘብ ካወጡት ሰዎች አንዱ ታዋቂ ፊት ቢኖር ይመርጥ ነበር፤ የሚራመድ ተዋናይም «ሊለማመደው» እንደሚችል ተነገረኝ። በዚህ ነገር ላይ ረጅም ክርክር አድርገናል። ሃሮልድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1944 በወታደራዊ ሥልጠና ላይ በደረሰ ፍንዳታ ሁለቱንም እጆቹን ካጣ በኋላ፣ የትወና ሙያ ሳይኖረው በተጫወተው አንድ ሚና በ1947 ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል። መስማት የተሳናት ማርሊ ማትሊን በ1987፣ እንደ እሷው መስማት የተሳነው ትሮይ ኮትሰር ደግሞ በ2022 ኦስካር ተሸልመዋል። በራስልና በማትሊን መካከል 40 ዓመት፣ በማትሊንና በኮትሰር መካከል ደግሞ 35 ዓመት አለ። እነዚህን ስሞች ያነሣሁት ምርጫው የበጎ አድራጎት ሥራ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነበር። በመጨረሻ ያሳመናቸው ግን ክርክሬ አልነበረም። ተዋናይቷ በፈተናው ቀን ወረፋው ላይ ድምፁን የምትሰማበትን ትዕይንት ስትጫወት ወደ ኋላዋ አልዞረችም፤ እጇ ጎማው ላይ እንዳለ ደረቀ፣ ወንበሩም ቀጥ አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ታዋቂ ፊት የተናገረ አልነበረም።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ አማካሪ መያዛችን ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ከ30 ዓመት በላይ በዊልቸር የኖሩና ለአዲስ ተጎጂዎች ምክር የሚሰጡ ሰው ናቸው። ጽሑፉን በሦስት ቀን አንብበው ኅዳጉን በእርሳስ ሞልተው መለሱልኝ። «ወንበሯ ላይ ታስራ» የሚለውን ሐረግ ባገኙበት ሁሉ ሰርዘውታል፤ «ልጄ፣ እኔን ወንበሩ አላሰረኝም፤ ታስሬ የምውለው ወንበሩ ሲበላሽ ነው» አሉኝ። እናቲቱ በድንገት የደም ግፊቷ አሻቅቦ የምትወድቅበትንም ትዕይንት አስወጥተውታል። እኛ የጻፍነው ጉዳት አሥረኛው የደረት አከርካሪ ላይ ያለ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው የግፊት መናር በአብዛኛው የሚታየው በስድስተኛው የደረት አከርካሪ አካባቢና ከዚያ በላይ በተጎዱ ሰዎች ላይ ነው።

በምትኩ የሰጡን ግን እኔ ፈጽሞ ልጽፈው የማልችለውን ነበር። ከጉዳቱ በታች ያለው ጡንቻ ያለ ፈቃድ ይኮማተራል፤ እግር በድንገት ይወራጫል፣ ይገተራል። አንድ ቀን እህቷ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል እግሯ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ልትድን ነው ብላ በደስታ ታለቅሳለች፣ ስልክ አንሥታ ለዘመድ ልታበሥር ትሮጣለች። እናቲቱም መዳን እንዳልሆነ፣ ይህ የጉዳቱ አንድ ክፍል እንደሆነ ለእህቷ ማስረዳት አለባት፤ የምታጽናናው የተጎዳችው ናት። አማካሪያችን ይህን የነገሩኝ በራሳቸው ላይ የደረሰ መሆኑን ሳይሸሽጉ ነው። ትዕይንቱ ሦስት ገጽ ሆኖ ገብቷል፤ ከበቀሉ ትዕይንት ቀጥሎ እጅግ የምሳሳለት እሱ ነው።

6ኛ ሳምንት

የቀረጻ ቦታ ፍለጋ። ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው መልኩን ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የምናየው መጸዳጃ ቤቱን ነው። ተዋናይቷ በየአራትና በየስድስት ሰዓቱ መካከል ልትጠቀምበት ይገባል፤ በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ካልሰፋ፣ ውስጡም ወንበር የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ከሌለው፣ የቱንም ያህል የሚያምር ሕንፃ ቢሆን አይረዳንም። በዚህ ምክንያት ብርሃናቸው ልብ የሚሰርቅ ሁለት ቦታዎችን ትተናል።

የበቀሉ ትዕይንት የሚቀረጸው ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሥር ወዳለው የመኪና ማቆሚያ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ነው። ሹፌሩ አራተኛ ፎቅ ይኖራል፤ ሕንፃው ሊፍት የለውም። መኪና እንደ ልቡ የሚወርድበትና የሚወጣበት መንገድ ተሠርቶለታል፣ ለሰው ያለው ግን ደረጃ ብቻ ነው። ይህን በንግግር የሚያስረዳ ዐረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ የለም፤ በምስሉ ይታያል።

ቁልቁለቱን ለካነው። ርዝመቱ 14 ሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱ 2 ሜትር ነው፤ ማለትም አንድ ለሰባት። ለዊልቸር የሚመከረው ግን በብዛት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ለዚሁ የ2 ሜትር ከፍታ 24 ሜትር መንገድ ባስፈለገ ነበር። በዚህ ዳገት ላይ ወደ ፊት ሲገፉ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። በግድግዳው አጠገብ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ የእጅ መደገፊያ ብረት አለ። ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር።

8ኛ ሳምንት

የካሜራ ሙከራ። ካሜራው ሁልጊዜ የሚቆመው ቆሞ በሚሄድ ሰው ዐይን ልክ፣ ከ150 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ተዋናይቷ ተቀምጣ ዐይኗ የሚገኘው ግን 115 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በመጀመሪያው ከፍታ ስንቀርጻት ያለ ማንም ፈቃድ ምስኪን ሆነች፤ ግንባሯ ጎላ፣ ዐይኗ ወደ ላይ አየ፣ ትከሻዋ ጠበበ። ካሜራውን ወደ 115 ስናወርደው ያው ሰው፣ ያው ብርሃን፣ ያው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፍጹም ሌላ ሴት ሰጠን። ስለዚህ እሷ ባለችበት ትዕይንት ሁሉ ካሜራው ከ115 ሴንቲ ሜትር አይነሣም። የቆመ ሰው ሊያነጋግራት ቢመጣ ጭንቅላቱ ከምስሉ ይቆረጣል፤ ፊቱ እንዲታይ ከፈለገ ይቀመጥ ወይም ራቅ ይበል። ይህ ሕግ ለአንድ ትዕይንት በተለይ ጠቅሟል፤ የቢሮ ሠራተኛው ከእሷ ራስ በላይ እህቷን እያየ «ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ተመልካቹ የሚያየው የሰውየውን ቀበቶና ብዕር ብቻ ነው።

አንድ የእጅ ነገርም ጨምረናል። ቋንቋችን ቂም ይቋጠራል ስለሚል፣ ተዋናይቷ ድምፁን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ እጇ አንድ ነገር ሲቋጥር እንዲውል ተስማምተናል፤ የቦርሳ ማንገቻ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የልጇን ጫማ ማሰሪያ። ማንም ባያስተውለው አልከፋም።

10ኛ ሳምንት፣ ቀረጻ

የሥራ ቀናችንን ወደ 8 ሰዓት ዝቅ አድርገናል። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ቁስል ያመጣል፤ ስለዚህ በየ15 እና 30 ደቂቃው መካከል ክብደትን ከመቀመጫ ማንሣት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ይህን ለራሷ ትተንላት ነበር፤ እሷም ቀረጻ ላለማቋረጥ ብላ ችላ አለችው። አማካሪያችን ተቆጡን፣ ተገቢም ነበር። አሁን ረዳት አዘጋጁ ሰዓት ይዞ ያስታውሳል፤ ሁላችንም በዚያች ሁለት ደቂቃ እናርፋለን።

12ኛ ሳምንት፣ ታኮው

ይህን ሳምንት በዝርዝር መጻፍ አለብኝ። በጽሑፉ ላይ ትዕይንቱ እንዲህ ነው። የሹፌሩ መኪና የእጅ ፍሬኑ ደካማ ስለሆነ ቁልቁለቱ ላይ ባቆመው ቁጥር ከፊት ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ ያደርጋል። አንድ ማለዳ ታኮውን አድርጎ የብረት በሩን ሊከፍት ወደ ታች ይወርዳል። እናቲቱ ከላይ፣ ከጎማው አጠገብ ናት። ታኮውን ትስበዋለች።

በልምምድ ላይ ታኮው አልተሳበም። መኪናው በሙሉ ክብደቱ ተጭኖት ስለሚቆም በእጅ ጎትቶ ማውጣት ለማንም አይቻልም፤ ሦስት ጠንካራ ወንዶች ሞክረው አቃታቸው። አንዱ ባልደረባ በወንበሩ የእግር ማሳረፊያ ብረት ተንደርድራ ብትመታው ጥሩ ምስል ይወጣዋል አለ። ምስሉ በእርግጥ ጥሩ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ወንበሩን መሣሪያ ካደረግነው፣ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የጻፍነውን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጃችን ማጥፋታችን ነው። ስለዚህ አልተቀበልኩትም። በመጨረሻ ተዋናይቷ መፍትሔውን አገኘች። አንድ ክንዷን ከኋላ በወንበሩ መግፊያ እጀታ ላይ ጠልፋ ወገቧን አጸናች፤ በዚህ ሁኔታ ወደ መሬት ጎንበስ ብላ በሌላው እጇ አጭር የብረት ዘንግ ይዛ ታኮውን ከጎኑ መታችው። በአራተኛው ምት ወጣ። አራት ምት ማለት ደግሞ በአንድ ቅጽበት ሳታስበው ያደረገችው ነው ሊባል የማይችል ነገር ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከተዋናይቷ ጋር ያደረግነው ንግግር የፊልሙን ፍጻሜ ለውጦታል። አራቱን ምት ካየሁ በኋላ እኔ ያሰብኩት ሦስት ጊዜ መትታ አራተኛውን እንድትተወው ነበር። ሰዎች የበደላቸውን ከቀጡ በኋላ ቀለል እንደሚላቸው እንደሚገምቱ፣ በተግባር ግን የቀጡት ስለ ነገሩ ይበልጥ ሲያብሰለስሉና ሲከፋቸው እንደታየ ኬቨን ካርልስሚዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ላይ አንብቤ ስለነበር፣ መተዋ ጥበብ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ተዋናይቷ ግን እንዲህ አለች፦ «እኔን የሚመስል ሰው በፊልም ሲበድል ወይ አይችልም፣ ወይ በመጨረሻ ይራራል። ልጇ ሞቶባታል። እንድታስበው ብቻ አታድርጓት፤ እንድታደርገው ፍቀዱላት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እሷ ትሸከመዋለች።» መልስ አልነበረኝም። ጥናቱም ቢሆን የሚናገረው ቅጣት ከተፈጸመ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ ያንን ለማሳየት ደግሞ መጀመሪያ መፈጸም አለበት። አራተኛውን ምት ትመታለች።

ቀረጻው በሁለት የተለያዩ ቀናት ተከናውኗል። መኪናው ሞተሩ ወጥቶ በብረት ገመድ ከኋላ በዊንች ተይዞ በዝግታ ወረደ፤ ከታች ሰው አልነበረም። በሰከንድ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጸን በ24 ስለምናሳየው ፍጥነቱ ይጨምራል። የሹፌሩ ተዋናይ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ እግሩን አንሥቶ ወደ ጎን የሚዘልበት ደግሞ መኪናው በሌለበት፣ በማግስቱ ተቀርጿል።

13ኛ ሳምንት፣ ዳገቱ

መኪናው በሩን መትቶ ከቆመ በኋላ እናቲቱ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ መውጣት አለባት። በቀድሞው ረቂቅ ሹፌሩ ከኋላ ገፍቶ ያወጣት ነበር፤ ያንን እንደ ዕርቅ ቆጥሬው ነበር። ተዋናይቷም አማካሪያችንም በአንድ ቃል ተቃወሙ። በስድስተኛው ሳምንት ልብ ያላልኩት የግድግዳው ብረት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በአንድ እጇ ብረቱን እየሳበች፣ በሌላው ጎማውን እየገፋች፣ እንዳትገለበጥ ደረቷን ወደ ጉልበቷ አስጠግታ ትወጣለች። ሹፌሩ እጁን ሲዘረጋ «እጅህን ሰብስብ» ትለዋለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

ሳይቆራረጥ በአንድ ሾት ቀረጽነው። ከወንበሩ ኋላ መገልበጥ የሚከለክሉ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ተገጥመዋል፤ ሁለት ባልደረቦችም ከምስሉ ውጪ ተጠግተው ይከተሉ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ሦስተኛ አልጠየቅኋትም።

17ኛ ሳምንት፣ ቅንብርና ድምፅ

የድምፅ ባለሙያችን መጀመሪያ የጠየቀኝ ወንበሩ ይንቋቋ እንደሆነ ነው። አይንቋቋም። እየተንሲጠሲጠ የሚቀርብ ጎማ ክፉ ሰው መጣ የሚል የቆየ ምልክት ስለሆነ ወንበሩን ዘይት ቀብተነዋል። የእሷ እርምጃ ትክክለኛ ድምፅ መዳፍ ጎማው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ለስላሳ ምት፣ የፊት ጎማዎቹ በንጣፉ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፉ የሚያሰሙት መንገጫገጭ ነው፤ ማይክሮፎን ክፈፉ ላይ ለጥፎ ለብቻው ቀርጾታል። ሌላ ሰው ሲራመድ ኮቴው በሚሰማበት ልክ ይሰማል፣ ከዚያ አይበልጥም።

ከባዱ ሥራ ታኮው ነው። ሁለት ሾቶች አሉኝ፤ አንዱ አራተኛው ምት፣ ሌላው የሹፌሩ እግር ከመሬት ሲነሣ። እግሩ ከተነሣ በኋላ ከመታች ሊያመልጥ እንደሚችል አይታ ነው ማለት ነው፤ ከመታች በኋላ ከተነሣ ግን ሊሞት እንደሚችል እያወቀች ነው። የሶቪየቱ የፊልም አዘጋጅ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳሳየው አንድ ፊት ከጎኑ በሚመጣው ምስል ይተረጎማል፤ የእሷ ፊት በሁለቱም ቅደም ተከተል ፍጹም አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን አይገናኝም። የፊልም ኤዲተሩ ዋልተር መርች ለአንድ ቁርጥ ከሚሰጠው ክብደት 51 በመቶውን ለስሜት ያደርጋል፤ ለእኔ ግን ሁለቱም ስሜት አላቸው፤ ችግሬም ይኸው ነበር። ለአራት ቀን ስቀያይረው ቆይቼ፣ በመጨረሻ ምቱና የእግሩ መነሣት በ11 ፍሬም ልዩነት፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እየተጠላለፉ እንዲሄዱ አደረግሁ፤ የትኛው እንደቀደመ አይለይም። ለተመልካች መተዉ የተሻለ መሰለኝ።

20ኛ ሳምንት፣ ትረካው

ፊልሙ መስማት ለተሳናቸው የጽሑፍ መግለጫ፣ ማየት ለተሳናቸው ደግሞ በንግግሮች መካከል የሚገባ የድምፅ ትረካ ይዞ እንዲወጣ ከመጀመሪያው ወስነን ነበር። የትረካውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ታኮው ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አላወቀም። «እግሩን ሲያነሣ መታችው» ቢል አንድ ነገር ነው፤ «ካነሣ በኋላ መታችው» ሌላ ነው፤ «መታችው፤ እግሩን አነሣ» ደግሞ ሦስተኛ። በምስል የደበቅሁትን ግሡ አልደበቀልኝም።

ጽሑፉን የምትመረምርልን ማየት የተሳናት ባለሙያ ሦስቱን አማራጭ ካዳመጠች በኋላ ጠየቀችኝ፤ «እናንተ የምታውቁትን እኔ ለምን አላውቅም?» አላውቀውም ብዬ ልመልስ ነበር፤ ግን ዋሽቼ ይሆን ነበር። አራተኛውን ምት የፈቀድን ቀን መልሱ ተሰጥቷል። በ11 ፍሬም የሸፈንኩት እናቲቱን ከበደል ለማዳን እንጂ ለተመልካች ነጻነት ብዬ አልነበረም፤ ያደረግሁትም ተዋናይቷ እንዳታደርጉ ያለችንን ነው።

ማታውን ቅንብሩን ከፍቼ ሁለቱን ሾቶች ለያየኋቸው። አሁን አራተኛው ምት ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ታኮው ይወጣል፤ ፊቷ ላይ 30 ፍሬም እንቆያለን፤ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ሹፌሩ ድምፁን ሰምቶ የሚዘለው ከዚያ በኋላ ነው። ለተዋናይቷ ደውዬ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ፊቷን አታሳጥሩት» አለችኝ። አላሳጠርኩትም።

የትረካው ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ጸድቆ ወደ ድምፅ ቀረጻ ሄዷል። በዚያ ቦታ ላይ ያሉት ቃላት እነዚህ ናቸው፦ «ለአራተኛ ጊዜ ትመታዋለች። ታኮው ይወጣል። ቁልቁል ታያለች። መኪናው ይንቀሳቀሳል። ሰውየው ወደ ጎን ይዘላል።»